በእርጥብ ሣር የተሸኙት

ብሩክታዊት ሥራ ያገኘች ዕለት ወሬው የአርባ ምንጯን ሲቀላ ሰፈር ከባጃጅ ፈጥኖ ዞራት። እናቷ ወይዘሮ አበራሽ ሙዝ አከፋፋይ ናቸው፤ ደስታው አላስችል ብሏቸው ለመጀመሪያዋ ደንበኛ «ልጄ ጥበቃ ሆነች» አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ በሙሉ «ምስኪን፣ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ደክማ ዘበኛ ሆነች» እያለ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። አንዷ ጎረቤትማ ካፖርትና ዱላ ሰጥተዋት እንደሆነ ለማየት ቡና አስመስላ ቤት ድረስ መጣች። ወይዘሮ አበራሽ ልጃቸው ለዕርዳታ ድርጅት ተቀጥራ የምትጠብቀው የተፈናቀሉ ሰዎችን እንጂ መጋዘን እንዳልሆነ ቢያስረዱ፣ «ታዲያ ከማን ነው የምትጠብቃቸው?» ተባሉ። ይህን እስከ ዛሬ በቅጡ የመለሰ የለም።

ሰዎቹ ከገረሴ ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ በሸራ ድንኳን የተጠለሉ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከካምባ ማዶ የነበረ ቀበሌያቸው ላይ ተራራው ተንዶ ቤቱንም፣ ከብቱንም፣ እንሰቱንም ጠቅልሎ ወሰደው። የተረፈው ነፍሱን ይዞ ወጣ። ተራራው ግን ሥራውን አልጨረሰም፤ ከአናቱ ዝቅ ብሎ ሰው ቆሞ የሚገባበት ስንጥቅ ተከፍቶ ቀርቷል። የመጣ ባለሙያ ሁሉ ስንጥቁን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል።

ማራኪ ከተረፉት አንዷ ናት። ባሏንና የበኩር ልጇን አፈሩ ወስዶባታል፤ ሁለት ትናንሽ ሴቶች ልጆች ቀርተውላታል። ምላሷም ቀርቶላታል። አማርኛ የተማረችው ካምባ ገበያ ቡላ ስትሸጥ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። ብሩክታዊት ጋሞኛ አሳምራ ብትናገርም ማራኪ ፊት አትሰጣትም፤ ከተሜ ካገኘች በአማርኛ ነው የምትራቀቀው።

«አንተ ብሩክታዊት፣ ዘንድሮም ባል አላገኘህም?»

«ሥራ በዛብኛ፣ እትዬ ማራኪ።»

«እኛን ስትጠብቅ ልታረጅ ነው። እኛ እንደሆን የትም አንሄድ!»

ያ «የትም አንሄድ» ነበር ትልቁ ነገር። የመመለሱን ጉዳይ የያዘው ወንደሰን የሚባል የመንግሥት ኃላፊ በመጣ ቁጥር «ክረምት ሳይገባ ወደ ቀያቸው» ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከላይ የሚጨቀጭቀው አለ፤ ያንንም ሌላ። ብሩክታዊት ግን አንድ የምትይዘው ደንብ ነበራት፤ የተፈናቀለ ሰው በፈቃዱ ካልሆነ አይመለስም። ፈቃዱ ደግሞ በስብሰባ መሀል እጅ አውጡ ተብሎ አይጠየቅም። ለብቻው ነው፤ ጎረቤት ጆሮውን በማይጥልበት፣ ሹም በሌለበት። እናም ድንኳን ለድንኳን ዞረች። ሁሉም አንመለስም አሉ። ማራኪማ «እኔ መቃብር ላይ ቤት አልሠራም» ብላ ፊቷን አዞረች። በእነዚህ ሰዎችና በስንጥቁ መካከል የቆመችው ያቺ አንዲት «አንመለስም» ብቻ ነበረች።

ነገሩ የተበላሸው በእንሰት ነው። የአካባቢው ገበሬ ሜዳው በድንኳን ከተያዘበት ጀምሮ ጥርሱን ነክሶ ኖሯል። አንድ ማለዳ የደረሰ እንሰት ከአንድ ጓሮ ተነቅሎ ተገኘ። ማን ነቀለው? ወሬ አዋቂዎቹ የባለቤቱ የገዛ አማች ነው ይላሉ፤ መልኩን ሳይቀር ይናገራሉ። ግን አማችን ከመክሰስ ተፈናቃይን መክሰስ ይቀላልና፣ ጎረምሶቹ ቆንጨራቸውን ይዘው መጥተው የድንኳን ገመድ በጣጠሱ። ድንጋይ ተወረወረ። የአንድ ሽማግሌ ግንባር ተፈነከተ።

ብሩክታዊት ደነገጠች። በድንጋጤዋም አባቷ የነገሯት ነገር ትዝ አላት፤ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በተናደደ ሰው ፊት ሲንበረከኩ፣ ድንጋይ ያነሳው ሁሉ ድንጋዩን ጥሎ ይመለሳል። የተንበረከከን ሽማግሌ እንቢ ብሎ ማለፍ ጎሜ ነው፤ እርግማን የሚያመጣ ነውር። ጎሜ ደግሞ የሠራው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም፤ በልጁ፣ በከብቱ፣ በማሳው ላይ ይወርዳል። ፖሊስ ከማስቆም ይህ አይሻልም?

ጋሽ ዳምጤ ቤት ሄደች። በደጋው ቃላቸው የሚሰማ ትልቅ ሰው ናቸው። «ደም ሳይፈስ አስታርቁልኝ» አለቻቸው።

«ይህን ብለሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው? እንነጋገርበታለን፣ ልጄ።»

አርባ ምንጭ ላለው አለቃዋ ለበዛብህ ስትደውል ሰውየው በስልክ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። «አገር በቀል መፍትሔ! ጎበዝ! ፎቶ እንዳትረሺ!»

ሽምግልናው ዱቡሻ ላይ ሆነ። ዱቡሻ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ የሚታረቅበት፣ የሚወገዝበትም አደባባይ ነው፤ እዚያ ላይ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። በአንድ ወገን ገበሬዎቹ፣ በሌላው ተፈናቃዮቹ ተቀመጡ። ወንደሰንም ሳይጠራ መጥቶ ጥግ ይዟል። ሽማግሌዎቹ ጠሉ ያልረገፈ ሣር በእጃቸው ይዘው ብቅ ሲሉ ብሩክታዊት ስልኳን አውጥታ ከገበሬዎቹ ጎን ቆመች። የሚንበረከኩት እዚያ ነው ብላ ነው፤ ድንጋይ የወረወሩት እነሱ አይደሉ?

ሽማግሌዎቹ ገበሬዎቹን አልፈው ሄዱ። ተፈናቃዮቹ ፊት ሲደርሱ ጋሽ ዳምጤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ መሬት ወረዱ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

«ልጆቼ» አሉ ሣሩን ከፍ አድርገው፣ «ይህ ሜዳ ለሁለት አይበቃም። ዛሬ ግንባር ነው የተፈነከተው፤ ነገ ሬሳ ይሆናል። ስለ ሰላም ብላችሁ፣ ስለዚህ ሽበት ብላችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡልን።»

ብሩክታዊት ስልኳን ዝቅ አደረገች። ፎቶ አላነሳችም።

መጀመሪያ ግንባሩ የተፈነከተው ሽማግሌ «እሺ» አለ። ከዚያ ጎኑ ያለው። እሺታው እየዞረ ማራኪ ጋ ሲደርስ ሁሉም አንገቱን አቀና። ነገር አለዋ! ተራራው የተናደ ሰሞን «የእገሌ ጎሜ ነው» የሚለው ሹክሹክታ ሲዞር ከርሞ የማራኪ ሟች ባል ላይ አርፎ ነበር፤ የወንድሙን የድንበር ድንጋይ ገፍቷል ተብሎ። ሰውየው ከአፈሩ ሥር ሆኖ መልስ አይሰጥ። ማራኪ ይህን ወሬ ልብሷ ላይ እንደተጣበቀ ሙጫ ይዛው ትዞራለች። አሁን ሣሩን እንቢ ብትልስ? ሁለቱን ልጆቿን ወደ ቀሚሷ ሳበች።

«እሺ» አለች፤ በጋሞኛ፣ በቀስታ።

ወንደሰን አጨበጨበ። ብቻውን መሆኑን ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሰው ሲበተን ብሩክታዊት ጋሽ ዳምጤን ተከትላ ያዘቻቸው። «ጋሼ፣ ምን ሠሩ? እኔ እንዲህ አልኩዎት?»

«አስታርቁ አልሽኝ። አስታረቅሁ።»

«ስንጥቁንስ? ሊወርድባቸው እኮ ነው!»

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሲያራግፉ ቆዩ። ደስ ያላቸው አይመስሉም። «ከመምጣትሽ በፊት ገበሬዎቹ ደጄ ላይ ቆንጨራ ሲስሉ አድረዋል። ሰውን ሣር ይዤ እለምነዋለሁ፤ ይሰማኛል። ተራራ ምን ይዤ ልለምን፣ ልጄ? እናንተ ባለ መኪናዎቹ ሌላ መሬት ብትሰጧቸው ኖሮ ማን ይንበረከክ ነበር?»

ብሩክታዊት ወደ ደንቧ ተመለሰች። እንደ ገና ድንኳን ለድንኳን ዞረች፤ ለብቻ፣ በሹክሹክታ፣ ሹም በሌለበት። ሁሉም በፈቃዳችን ነው አሏት። ማራኪ ዕቃዋን በማዳበሪያ ስትጠቀጥቅ አገኘቻት።

«እትዬ ማራኪ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ማንም አይሰማም። አልሄድም በዪኝ፤ እኔ እቆማለሁ።»

«አንተ ትቆማለህ፣» አለች ማራኪ ሳትቆጣ፣ «ከዚያ ቅዳሜ አርባ ምንጭ ትወርዳለህ። ልጄን ትኩሳት ቢይዛት፣ ‹ሣር የረገጠች የእናቷ ጎሜ ነው› ይላሉ። ያኔ የት ትቆምልኛለህ?»

«መቃብር ላይ ቤት አልሠራም ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ። አሁን እሠራለሁ። ያንን ጀሪካን አቀብለኝ።»

ብሩክታዊት አቀበለቻት።

ለበዛብህ ደውላ ሁሉንም ነገረችው፤ ከሣሩ እስከ ጎሜው። ሲሰማት ቆየና ተነፈሰ። «ብሩኬ፣ እኔም የጨንቻ ልጅ ነኝ፤ ይገባኛል። ግን ሣርን አዲስ አበባ ላሉት አለቆቻችን እንዴት ብዬ ላስረዳ? ተገደዋል ብንል ማን አስገደደ ይሉናል። ሽማግሌዎቹን ማን ጠራ ይሉናል።»

«እኔ ነኝ የጠራሁት።»

«ታዲያ። ለብቻቸው ስትጠይቂያቸው በፈቃዳችን ነው ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብለዋል።»

«አለቀ» አለ፤ ድምፁ ግን ያለቀለት ሰው ድምፅ አልነበረም።

አይሱዙዎቹ የመጡት ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሳምንት ነው። ገበሬዎቹ በመጫኑ አገዙ፤ እንሰቱ የተነቀለበት ሰውዬ ሳይቀር አንድ እስር ቆጮ ለመንገድ ብሎ ጫነላቸው። እንዲህ ያለ ፍቅር በዚያ ሜዳ ታይቶ አይታወቅም። ብሩክታዊት ከማራኪና ከልጆቹ ጋር ከኋላ ተጫነች። ካምባ ሳይደርሱ በዛብህ ደወለ፤ የዕርቁ ወሬ ተሰምቶ ሌላ ቦታ ያሉ ኃላፊዎችም በጣም ወደውታል፣ ተፈናቃይ ያለባቸው ናቸው፣ መጥታ ተሞክሮዋን እንድታካፍል ይፈልጋሉ። «ሽማግሌዎቹንም ይዘሻቸው ብትሄጂ...» ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ቀበሌው ሲደርሱ ከቤቶቹ የተረፈው አንዳንድ ቋሚ ብቻ ነበር። ሰዉ ሸራውን ከአይሱዙው አውርዶ ዝም ብሎ መትከል ጀመረ። ማራኪ ቤቷ የነበረበትን ፈልጋ አላገኘችውም፤ በግምት አንድ ቦታ ላይ ማዳበሪያዋን ጣለችና ልጆቿን አስቀመጠችባት።

«ዝናብ ከጠነከረ ደውይልኝ» አለቻት ብሩክታዊት። «በማንኛውም ሰዓት። ተራራው ድምፅ ካሰማ፣ የምንጩ ውኃ ከደፈረሰ፣ ወዲያው ደውይ። መኪና እልካለሁ።»

ማራኪ ከጡት መያዣዋ ውስጥ የቁልፍ ስልኳን አወጣች፣ አየችውና መልሳ ከተተችው።

«እዚህ ኔትወርክ የለም።»

«ፈጽሞ?»

«አለ» አለች ማራኪ፤ በአገጯ ሽቅብ ወደ ስንጥቁ እያሳየቻት። «እዚያ ላይ ከወጣሁ በደንብ ይሰማል።»

ሾፌሩ ጭቃው ሳይብስ እንውጣ ብሎ ጥሩምባውን ነፋ።