ለፐርሚሊያ ፊት የተነሳው ፎቶ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሞንታና ባቡር ሳይገባ፣ በአንዲት የማዕድን ከተማ ልብስ አጣቢዋን ፐርሚሊያን የማይፈራ አልነበረም። ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ካገኘች ትሰፋለች፤ ባለቤቱንም ትቆጣለች።

ጥቁሯ ፐርሚሊያ ነጩን ብረት ቀጥቃጭ ኤስኪልን ያገባች ሰሞን ፎቶ ቤት ሄዱ። ፎቶ አንሺው እንዳይነቃነቁ ማጅራታቸውን ብረት አስደግፎ፣ ኤስኪልን ብቻ እያየ፣ «ካሜራውን ለአንተ ፊት በሚበቃው ልክ ብከፍተው እሷ ትጨልማለች፤ ለእሷ ብዬ ከፍቼ ባቆየው ብርሃኑ በዝቶ አንተ ነጥተህ ትጠፋለህ። ለአንተ ላድርገው» አለው።

«ስማ ጌታው» አለች ፐርሚሊያ፣ «አዲስ ቀሚስ የለበስኩት ልጨልም ነው እንዴ? ለእኔ አድርገው!»

ኤስኪል ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ያለችህን አድርግ» አለ።

ፎቶው ልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እሷ እስከ ቀሚሷ ቁልፍ ፍንትው ብላለች፤ አጠገቧ ጢም ያለው ጭጋግ ተቀምጧል።

ደንበኛ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲል፣ ኤስኪል ይቀድማታል፦

«ደስ ብሎት የጠፋ ባል።»