የአናጢው የሸሚዝ ቁልፍ

እኔ የድሃ ሕሙማን መጦሪያው ልብስ አጣቢ ነኝ። እቴቴ የምንላት አስታማሚ ደግሞ እዚሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። «እጅ ካልሠራ ይረሳል» እያለች ግማሽ አካሉ የከዳውን ሁሉ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ እንዲቆልፍ መከራውን ታበላዋለች። ስንት የተበጠሰ ቁልፍ መልሼ እንደተከልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሕሙማኑ አንዱ፣ አናጢው አባባ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ራሳቸው መቆለፍ እስኪችሉ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ዘንድሮ መንግሥት አሠራሩን አሻሽያለሁ ብሎ ቅጽ የያዘ ገምጋሚ ላከ። ቅጹ እንደሚለው ራሱን ችሎ የሚለብስ በሽተኛ አልጋውን ይለቃል። ማሻሻል እንዲህ ከሆነ ማበላሸት ምን ሊሆን ነው? ቀድሞ የነገረን ሰው የለም፤ እቴቴም ነገሩ የገባት አናጢው አልጋ አጠገብ ቆማ ቅጹን አሻግራ ስታነብ ነው።

«አባባ፣ ሸሚዝዎን ራስዎ ይቆልፋሉ?» አለ ገምጋሚው።

እቴቴ ከጀርባው ሆና «አይሆንም» ስትል ራሷን ወዘወዘች። እሳቸው ግን የተጠራጠረቻቸው መሰላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ላሳፍርሽ ነው እንዴ?»

ሸሚዛቸውን ፈቱና በአንድ እጃቸው፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ከታች እስከ አንገታቸው ቆለፉት። ገምጋሚው አጨበጨበ።

ሐሙስ ዕለት ሰው ወደሌለበት ቤታቸው ወሰዷቸው።

ከዚያ ወዲህ እቴቴ በየማለዳው ከአልጋ አልጋ ትዞራለች። እጁን ወደ ደረቱ የሰደደ ሽማግሌ ካየች ቀስ አድርጋ ትመልስለታለች።

«ይተዉ አባቴ» ትላለች። «እርስዎ አይችሉም። እሺ? አይችሉም።»