መርካቶ፣ ቤንዚን የጨመረ ሰሞን

ከቡታጅራ በምነሳበት ዋዜማ አማቴ አባባ ወልዴ እራት ጠሩኝ። እራት አልኩ እንጂ ችሎት ነበር። ክትፎው ቀርቧል፣ ቆጮው ተቆርሷል፣ ባለቤቴ ወይንሸት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ዓይኗን ከእኔ አታነሳም። አባባ ወልዴ ግን እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ምርመራውን ጀመሩ።

«ፈረስህን ሸጥክ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«ጋሪውንም?»

«ጋሪውንም። ለመንጃ ፈቃድ ነው።»

ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። «እንግዲህ ስማኝ ሽፈራው። ሣር ሲወደድ በሬዲዮ አይነገርም። ቤንዚን ግን በሬዲዮ የሚነገር ነገር ነው። በሬዲዮ የተነገረ ነገር ደግሞ ደግ ሆኖ አላየሁም።»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን ስላልገባኝ ነው።

በማግስቱ ወይንሸት እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በመስኮት አቀበለችኝና «ቤት እንዳገኘህ ጥራኝ። መስቀልን ለየብቻ አንውልም» አለችኝ። «እንዴታ!» አልኩ። ሰው አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ፣ ሞተር ተነስቶ፣ የማይገባው ቃል የለም።

አውቶቡስ ተራ ስደርስ አንዲቱን ሻንጣዬን ሦስት ተሸካሚ ያዛት። አንዱ እጀታዋን፣ አንዱ ሆዷን፣ ሦስተኛው ደግሞ እኔን። «ወዴት ነህ አባቴ?» ሲሉኝ «ሐጂ ከማል ጋ» አልኩ። ቡታጅራ ሰውን በስሙ ጠይቆ ያጣ የለማ! «የትኛው ሐጂ ከማል?» አሉኝ ሦስቱም ባንድ አፍ። ለካ መርካቶ ሐጂ ከማል በኩንታል ነው።

የእኔው ሐጂ ከማል በርበሬ ተራ የጅምላ ሱቅ ያላቸው የአገሬ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ልባቸው ሰፊ፣ ጥርጣሬያቸው ከልባቸውም የሰፋ። ከመርካቶ ፒያሳ የምትመላለስ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነበረቻቸው። መንጃ ፈቃዴን ገልብጠው ገላልጠው አዩና «ጋሪ ነድተሃል አይደል? ፈረስ ያልገደለ መኪና አይገድልም» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ረዳት ብለው ያገናኙኝ ደግሞ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ደምሴ። በድሮው ጦር ታንክ ነጂ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነና መርካቶ ኩንታል ሲሸከሙ ኖሩ፤ ወገባቸው እምቢ ሲል ታክሲ በር ላይ ቆሙ። አንድ ቀን «እርስዎ እያሉ እኔ ምን ቤት ነኝ? ለምን አይነዱም?» ብላቸው «እኔ የነዳሁት ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ነው። እዚህ ማን ይሸሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መርካቶ መኪና ሰውን ይሸሻል እንጂ ሰው መኪናን አይሸሽም። ተሳፋሪውንም እንደ ሌላው ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» አይሉም፤ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ወደ ግራ ተሰብሰብ!» ይላሉ። ሰዉም ሳያስበው ይሰበሰባል።

እኔ ግን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። እኛ አገር ጋሪ ላይ የወጣ ሰው ሰላም ይባላል፣ ልጁ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል። እዚህ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ «እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና?» ስለው ኪሱን ዳበሰ። ብርዱስ! ቡታጅራ ጃኬት የሚለብሰው የታመመ ሰው ነው። እዚህ በሐምሌ ሁለት ሹራብ ደርቤ መሪ ስይዝ ክንዴ አልታጠፍ ይለኝ ነበር።

ቤት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አገኘሁ፤ እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ ሴት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል። ወይንሸትን ልጠራት እየተዘጋጀሁ ሳለ ነው እንግዲህ ቤንዚን የጨመረው።

ስለ ቤንዚን አጨማመር ለማታውቁት ልንገራችሁ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ወሬ ይነሳል። ወሬ ሲነሳ ማደያው ይደርቃል። አዲሱ ወር ሲገባ ዋጋው ይነገርና ቤንዚኑ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመነጫል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰልፉን ጨርሼ ቀጂውን ጠየቅሁት።

«ቤንዚን አለ?»

«የለም።»

«ነገስ?»

«ነገ ይኖራል።»

«ነገ ከየት ይመጣል?»

በእግሩ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ መታ መታ አደረገና «ከዚሁ» አለኝ።

ያን ሰሞን ሾፌሩ ያልሞከረው ነገር የለም። ሰልፍ ላይ ሞተር የሚያስነሳ ጠፋ፤ ሁሉም መኪናውን በትከሻው እየገፋ ይጠጋል፣ ከሩቅ ያየ የመኪና ቀብር ይመስለዋል። አንዱ የልብስ ብል ማጥፊያ ናፍታሊን ታንከሩ ውስጥ ይጨምራል፤ ጉልበት ይሰጣል አሉ። አብነት ሰፈር ደግሞ አንድ ምላሰ ጤፍ ነጋዴ የቤንዚን ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ይሸጥ ነበር። «ግማሽ በግማሽ ይቆጥባል!» ሲል ጋሽ ደምሴ «ሁለት ብናስር ቤንዚን አያስፈልገንማ!» አሉት። ሰውየው ትንሽ እንኳ አላፈረም፤ «ሁለት ለታሰረበት ኃላፊነት አልወስድም» አለ።

እትዬ ሸዋዬም የዋጋውን ማስታወቂያ ሰምተዋል። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መጡ።

«ልጄ፣ ኪራዩ ትንሽ ከፍ ይላል። ቤንዚን ጨምሯል።»

«እትዬ፣ እርስዎ መኪና አለዎት እንዴ?»

«ምን መኪና አለኝ! እግሬን እንኳ ሪህ ይዞታል።»

«ታዲያ ቤንዚንና የእርስዎ ቤት ምን አገናኛቸው?»

«ሽንኩርቱ በእግሩ ነው የሚመጣው? ጤፉስ በእግሩ ነው? እሱን ደግሞ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል፣ ሾፌር ነኝ አላልክም?»

ሾፌርነቴን እያስመሰከርኩ ከፈልኩ።

በዚያው ላይ ቤንዚኑ ውስጥ ከስኳር የሚወጣ ኢታኖል ይቀላቀላል ተባለ። ሐጂ ከማል ኢታኖል ማለት አልኮል መሆኑን ከአንድ ደንበኛቸው ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሽፈራው፣ መኪናዬ ትጠጣለች?»

«ትንሽ ናት ሐጂ።»

«ትንሿ አይደለች እንዴ ትልቅ የምትሆነው!»

መኪናዋን አስቁመው ሰፈራቸው ያሉትን ሼህ ሊጠይቁ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈታ ብሏል። «ሼሁ 'መኪናዋ ትሰግዳለች?' አሉኝ። 'አትሰግድም' አልኩ። 'እንግዲያው ተዋት፣ ሥራህን ሥራ' አሉኝ።»

የቤንዚኑ ዋጋ ግን እንደ ኢታኖሉ በሼህ ፈትዋ አልቀለለም። ማታ ማታ ሒሳብ ሳስረክብ ሐጂ «በላህ! ይህን ሁሉ ቤንዚን በላህ!» ይሉኛል፣ የጠጣሁት ይመስል። በመጨረሻ ቆረጡ። «እስከ ዒድ አያታለሁ። ካልሆነ እሸጣታለሁ፤ አንተም አገርህ ግባ» አሉኝ።

አገሬ ልግባ? ፈረስ የለኝ፣ ጋሪ የለኝ፣ አባባ ወልዴ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሬዲዮ እየሰሙ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መላውን የነገሩኝ ተራ ላይ ያሉ ሾፌሮች ናቸው። «አንተ ፋራ! ቁልቁለት ላይ ሞተር ምን ያደርግልሃል? ቁልቁለት እኮ የእግዜር ቤንዚን ነው» አሉኝ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዳቦ ብታስቀምጥበት ይንከባለላል። ሞተር አጥፍቼ መውረድ ጀመርኩ። እውነትም ቤንዚኑ ተረፈ። ሐጂም «በላህ» ማለቱን ቀነስ አደረጉ፣ እኔም ለወይንሸት «እየተቃናልኝ ነው» ብዬ ደወልኩ።

አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ሞልታ እንደ ልማዴ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። መኪናዋ ጸጥ ስትል ተሳፋሪውም ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጠፋች እንዴ?» ሲሉ ጋሽ ደምሴ «አጠፋናት እንጂ አልጠፋችም!» ብለው መለሱ። ጎኔ የተቀመጡት እናት ጭናቸው ላይ እንቁላል የሞላ ትሪ ይዘዋል። «ልጄ፣ ብታስነሳት ምን አለበት? እንቁላል ይዣለሁ» አሉኝ።

«አይስጉ እማማ፣ የለመደች ናት።»

ድልድዩ ጋ ስንቃረብ አንድ ጋሪ ገፊ እቃውን ተራራ አድርጎ ከፊቴ ገባ። ፍሬን ረገጥኩ። ያዘ። ደግሜ ረገጥኩ። ሦስተኛ ስረግጥ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን እንደሚደርቅ አስተማሪዎቼ አልነገሩኝም! ሞተሩን ላስነሳ ቁልፍ ባዞርም አጉረመረመች እንጂ አልነሳ አለች። የእጅ ፍሬን ብስብ እንደ ፈረስ ጭራ ባዶውን መጣ። ያኔ ሳላስበው የሸጥኩትን ፈረስ ስም ጠርቼ ጮህኩ፦ «ቁም ቦራ! ቁም!»

ሚኒባስ አማርኛ አይሰማም። በስተቀኝ አንድ አይሱዙ ቆሞ የስፖንጅ ፍራሽ ያራግፋል፤ ፍራሹ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ተከምሯል። ከጋሪ ገፊው ፍራሹ ይሻላል ብዬ መሪውን ጠመዘዝኩ። ስንገባበት የተሰማው ድምፅ ትልቅ ሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከላይ ያሉት ፍራሾች ተንሸራተው መስታወቱን ሸፈኑት፤ ውስጡ ጨለመ።

ከዚያ በጨለማው ውስጥ የጋሽ ደምሴ ድምፅ መጣ፦ «ወራጅ አለ?»

ሁሉም ወራጅ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም። እማማም ትሪያቸውን ገልጠው እንቁላላቸውን አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ደህና መሆኑን ሲያረጋግጡ ነው እኔን መራገም የጀመሩት። እኔ ግን የጋሪ ገፊውን ጀርባ አየሁ፤ ዞሮም ሳያየን አቀበቱን ይወጣል። ሞተር ማጥፋቴ ምን ሊያስከፍለኝ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ።

«ጠጥተሃል?»

«እኔ አልጠጣሁም ጌታዬ፣ መኪናዋ ናት።» አፌ አመለጠኝ።

«ምን አልክ?»

«ቤንዚኑ አልኮል አለበት ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ሞተሩ ለምን ጠፋ?»

«ቤንዚን ስለጨመረ።»

መጻፉን አቁሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እንደገና ጨመረ?»

«የለም፣ ያለፈውን ነው።»

«አስደነገጥከኝ እኮ! እኔም ሞተር ሳይክል አለኝ» አለና ላቡን ጠረገ። የተዛመድን መስሎኝ «እንግዲያው መንጃ ፈቃዴን…» ብል «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ሐጂ ከማል ከበርበሬ ተራ በእግራቸው እየሮጡ ደረሱ። ፊታቸው ላይ በርበሬ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ። የተሰበረውን የፊት መብራት ሳያዩ «ሰው ተጎዳ?» አሉ።

«አልተጎዳም ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ስድቡን ስጠብቅ የፊታቸውን በርበሬ በእጃቸው ጠረጉ። «'በላህ፣ በላህ' ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ሰው ጭነህ ሞተር እንድታጠፋ ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ይዘህ ሞተር ብታጠፋ፣ ወላሂ፣ ቁልፉን አልሰጥህም።»

ባለ ፍራሹ ደግሞ የተቀደደው ካልተገዛልኝ ብሎ አንገታቸውን ያዘ። ሐጂ ሲከራከሩ ቆይተው ከፈሉና ፍራሹን ወደ እኔ ገፉት። «ውሰድ። ተኛበትና አስብበት።»

መኪናዋን አልሸጧትም። መንጃ ፈቃዴ ከቅጣት በኋላ ሲመለስልኝ አዲስ ዘዴ ዘየዱ፤ ጠዋትና ማታ ሰው፣ እኩለ ቀን ተሳፋሪ ሲሳሳ የሱቃቸውን በርበሬ እጭናለሁ። ቤንዚኑ ራሱን ቻለ። ችግሩ ከበርበሬው በኋላ የሚሳፈረው ሰው ከመርካቶ ፒያሳ እያስነጠሰ መሄዱ ነው። ጋሽ ደምሴ «ይማርህ» ማለት ሲታክታቸው በር ላይ ቆመው አንዴ «ሁላችሁንም ይማራችሁ!» ብለው ይገላገላሉ። ጉንፋን ያለበት ሰው እኛን መርጦ ይጠብቃል።

ፍራሹ ግን ለሁለት ሰው የሚሆን ሰፊ ነበር። ክፍሌን ከግድግዳ ግድግዳ ሞላው፤ በሩ የሚከፈተው በግማሽ ነው። እትዬ ሸዋዬ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይህ የአንድ ሰው አይደለም። ሁለት ከሆናችሁ ውሃም መብራትም ይጨምራል» አሉ። «አንድ ነኝ እትዬ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ከዚያ ሁሉ ፍራሽ ጠርዙ ላይ ነው የምተኛው፤ ግድግዳው ጋ ያለውን ቦታ ባዶውን ትቼ።

ባለፈው ሳምንት ወይንሸት በጎረቤት ስልክ ደወለች።

«ሽፈራው፣ መስቀል ደረሰ እኮ። መቼ ልምጣ?»

«ቤንዚኑ ይርጋ ብዬ ነው።»

«ቤንዚን እስኪረጋ እኔ ማርጀቴ ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፍራሽ ገዛ ይላሉ።» የመርካቶ ወሬ በርበሬ አራግፎ በሚመለሰው መኪና ተጭኖ ቡታጅራ ይገባል።

«ሐጂ ናቸው የገዙት።»

«ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው።»

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እዚህም የአውቶቡስ ታሪፍ ሊጨምር ነው እየተባለ ነው። እናንተ ሾፌሮች ሳይጨምር ነው አሉ የምትሞሉት። እኔም ሳይጨምር…»

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አይነሳም፤ ጎረቤቲቱ ገበያ ወጥታለች መሰለኝ። ሳይጨምር ምን? ልምጣ ነው? ወይስ ቶሎ መጥተህ ውሰደኝ? በማግስቱም ስደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቡታጅራ አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት መኪናዋን ይዤ አውቶቡስ ተራ በር ላይ እቆማለሁ። ሰው ይወርዳል፣ ዶሮ ይወርዳል፣ በኮባ የተጠቀለለ ሁሉ ይወርዳል፤ እኔ አንገቴን አስግጌ ነጠላ የለበሰችውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ትናንት ጋሽ ደምሴ የመኪናዋን በር መታ መታ አደረጉ።

«ሽፈራው፣ ሞተሩ እየሠራ ነው እኮ። ቤንዚኑ ተቃጠለ።»

የመጨረሻዎቹ ሰዎች ገና እየወረዱ ነበር።

«አንዴ ይቃጠል፣ ጋሽ ደምሴ» አልኳቸው።