ለአራት ልጆች የተከፈለ መድኃኒት

ልጅ እያለሁ፣ ከመስቀል በኋላ በዋለ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጋፋት ሜዳ ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንድ በአንድ ልጥራቸው። አንደኛ አያ ባዬ፤ የሰፈራችን መድኃኒት አዋቂ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ የተቀመጡት። ሁለተኛ ውባንቺ፤ ከሁላችን በሁለት ዓመት የምትበልጠውና ይህንንም በቀን አንድ ጊዜ የምታስታውሰን። ሦስተኛ ምትኩ፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት የማይጠፋው። አራተኛ ጥጋቡ፤ ቀጭኑና ችኩሉ። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ሰጠኝ። እናቴ ሜዳው ላይ አልነበረችም፤ የወረድነው ግን ለእሷ ስለሆነ ስድስተኛ አድርጌ ብቆጥራት የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

እናቴን የያዛት አልማዝ ባለጭራ ነበር። መጀመሪያ ግራ ጎኗ ላይ ቀላ ብሎ ታየ፤ በሦስተኛው ቀን ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች እንደ መቀነት ከሆዷ እስከ አከርካሪዋ ዞሯት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ቅባት ተሰጥቷታል፤ እሱንም ሳታቋርጥ ትቀባ ነበር። ነገር ግን ቀሚሷ ጎኗን በነካ ቁጥር ትጮኻለች። እናቴ የምትጮኽ ሴት አልነበረችም፤ ጣቷን ማጭድ ቆርጧት እየሳቀች ስታስር አይቻታለሁ። ያ ጩኸት ከዚያ በፊት የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ ስሰማው ከቤት ወጥቼ አጥሩ ጥግ ጆሮዬን ይዤ እቀመጥ ነበር።

በሰፈራችን ለዚህ በሽታ የሚፈለጉት አያ ባዬ ናቸው። ዳማ ከሴን፣ ጤና አዳምን፣ ግራዋን ሁሉም በየጓሮው ያውቀዋል፤ ለምችም ለሆድ ቁርጠትም ጎረቤት ከጎረቤት ይለምነዋል። የአያ ባዬ ተክል ግን ጓሮ አይበቅልም፣ ስሙንም የሚያውቅ የለም። ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ «ከወለድኸው ልጅ በቀር ለአንድ ሰው እንዳትነግር» ብለው አስምለዋቸዋል። የወለዱት ልጅ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ከደብረ ታቦር ከወጣ ቆይቷል፤ ሲጠሩት «አባዬ፣ እኔ ሣር ለቃሚ አይደለሁም» ብሎ እንደ መለሰላቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

እኛ ልጆች ምስጢሩን ለማግኘት ያልሞከርነው ነገር የለም። አያ ባዬ ሜዳ ሲወርዱ ከአጥር ሥር በደረታችን ተኝተን እንሰልላቸው ነበር። እሳቸውም ያውቁብናል። አምስት ዓይነት ይለቅማሉ፤ አራቱ ለማሳሳቻ ነው፣ ወዲያና ወዲህ ይጥሉታል። አምስተኛውን እዚያው ሜዳው ላይ በሁለት ድንጋይ መሃል ፈጭተው እንደ ሊጥ ካደረጉት በኋላ በጨርቅ ቋጥረው ይሄዳሉ፤ ቅጠል መሆኑ እንጂ ምን ቅጠል መሆኑ አይታወቅም። እሳቸው ሲርቁ እኛ ድንጋዩን ከበን ፍርፋሪውን እየለቀምን «ጎርጠብ ነው»፣ «የለም፣ ማገጥ ነው» እያልን እንከራከር ነበር። ምትኩ አንድ ጊዜ እርግጠኛ ሆኖ ያገኘውን ቅጠል ክንዱ ላይ አሸው፤ ሳምንት ሙሉ ሲያክ ሰነበተ። አያ ባዬ ሰምተው መንገድ ላይ ያዙት። «ለአንተ ብዬ የጣልሁት ነበር፤ እንዴት ነው፣ ተስማማህ?» አሉት።

በዚያ ዓመት ግን ተክሉን ማግኘት ራሳቸውን አያ ባዬንም አቅቷቸው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ስለ እናቴ ነገርኋቸው። «ዓይኔን ሞራ ወሰደው፣ አፍንጫዬን ሱረት፣ ጣቴን እርፍ። በምኔ ልፈልገው ልጄ?» አሉኝ። ምን እንደሚመስል ብቻ ይንገሩኝ፣ እኔ እፈልገዋለሁ አልኋቸው። «ምያለሁ» አሉ። መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለ። በሩን ተደግፌ ማልቀስ ጀመርሁ።

«ስንት ጓደኞች አሉህ?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«ከአንተ ጋር አራት። አባቴ ያስማሉኝ ለአንድ ሰው እንዳልነግር ነው። ለአራት ሰው ሩብ ሩቡን ስለ መንገር ያሉት ነገር የለም።» ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ነገ ረቡዕ ነው፤ ሳትበሉ ኑ።»

የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ስለነበርን ጠዋቱ የኛ ነበር። ምትኩ የበትራቸውን ጫፍ ይዞ እየመራቸው ወረድን። ደንቡ፣ ተክሉ እስኪቆረጥ ለመንገደኛ አፍ አይከፈትም። ወደ ከተማ ወተት የምታወጣ አንዲት ሴት አገኘችን። «እንዴት አደራችሁ ልጆች?» አለች። ዝም። «እንዴት አደራችሁ?» አሁንም ዝም። «ወይ ጉድ! የማን ስዶች ናችሁ?» ብላ ቆመች። ከኋላችን አያ ባዬን ስታይ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ መንገዱን ለቀቀችልን። ውባንቺ ሳቋን ለማፈን ክንዷን ነክሳ ነበር።

ሜዳው ድሮ ብረት ይቀልጥበት ከነበረው ጉብታ በታች የተዘረጋ ነው። ጤዛው ካልሲያችንን አልፎ እግራችንን አረሰረሰው። የእርጥብ አፈርና የተረገጠ ሣር ሽታ ነበር፤ ለዘመን መለወጫ እንግጫ የተነቀለባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ገና አልተደፈኑም። አያ ባዬ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው በየተራ ጆሯችንን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ለውባንቺ አበባውን፣ ለምትኩ ሽታውን፣ ለጥጋቡ ሥሩን፣ ለእኔ ቅጠሉን ነገሩን። እያንዳንዳችን «ኢየሱስን፣ አልናገርም» ብለን ማልን። ስለዚህ የእኔን ሩብ እዚህም አልጽፈውም። በዓይን ሳይሆን በጣት የሚታወቅ ነገር መሆኑን ብቻ መናገር እችላለሁ።

አፈላለጉ እንዲህ ነበር። አንዳችን የራሳችንን ምልክት ያየንበት ተክል ዘንድ ቆመን እጅ እናወጣለን፤ ሌሎቹ መጥተው በየተራ ይፈትሻሉ። መልሱ «ነው» ወይም «አይደለም» ነው፤ ለምን አይባልም። ጥጋቡ ሥሩን ለማየት መንቀል ስላለበት አያ ባዬ የእሱን ተራ መጨረሻ አደረጉት። «በከንቱ የሚነቀል አንድም እንዳይኖር» አሉ። «ደግሞ ጤዛው ሳይደርቅ!»

ሜዳው «አይደለም» ብቻ ሆነ። ምትኩ እያንዳንዱን አሽቶ ያሸትና እንደ ዳኛ ፊቱን አኮሳትሮ ይፈርዳል፤ በመሃል ሰባት ጊዜ አስነጠሰው። ፀሐይ ጉብታውን አልፋ ጤዛው ከላይ ከላይ መድረቅ ሲጀምር ውባንቺ ከወዲያ ዳር እጇን አወጣች። እኔ ሩቅ ነበርሁ። ምትኩ ቀድሞ ደርሶ «ነው!» አለ። ጥጋቡ የእኔን ተራ ሳይጠብቅ ነቀለውና ሥሩን አይቶ «ነው! አገኘነው!» ብሎ ጮኸ። ስደርስ ሦስቱም እየዘለሉ ነበር።

ቅጠሉን ዳሰስሁት። የታችኛውን ዳሰስሁ፣ የላይኛውን ዳሰስሁ፣ ጣቴን በሱሪዬ አድርቄ እንደ ገና ዳሰስሁ።

«አይደለም» አልሁ።

«ምን?»

«አይደለም።»

ጥጋቡ ተክሉን ከእጄ ነጠቀኝ። «አበባው ነው፣ ሽታው ነው፣ ሥሩ ነው! የአንተ ቅጠል ብቻ ከየት መጣ? የነገሩህን ረስተኸው ነው!»

«ለእናትህ እኮ ነው» አለ ምትኩ ዝግ ብሎ። «ነው በል በቃ።»

የእናቴ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ምናልባት እውነትም ረስቼው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ሦስት ሰው ነው ካለ እኔ ማን ነኝ? አፌን ለ«ነው» ከፍቼ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። አያ ባዬ ጫጫታውን ሰምተው ምንድን ነው አሉ።

«አያ ባዬ፣ ሦስቱ ነው ብለዋል። የእኔ ግን አይደለም» አልሁ።

«ደግመህ ዳስሰው።»

ዳሰስሁት። «አይደለም» አልሁ፤ እንባዬ ይወርድ ነበር።

«እንግዲያ ጣሉት። እሱ መሳዩ ነው። በአበባም፣ በሽታም፣ በሥርም አይለይም፤ ቁስል ላይ ካረፈ ግን ቆዳ ይልጣል።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈልገው አገኙት። «ቅጠሉን ለአንተ የሰጠሁህ ለዚህ ነው። ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ዳስሶ ይተወዋል። እናቱ የታመመችበት ግን ደጋግሞ ይዳስሳል።»

እውነተኛውን ያገኘሁት ከጉብታው ሥር፣ ውኃ በሚያዝበት ጥግ፣ ከማቅለጫው የተረፈ የብረት አር የተቀበረበት አፈር ላይ ነው። ጤዛው እዚያ ገና እንዳለ ነበር። ጣቴ ሲያርፍበት ወዲያው አወቅሁት፤ ሆኖም ሦስት ጊዜ ዳሰስሁ። ጓደኞቼ በተራ መጡ። ውባንቺ ጎንበስ ብላ አበባው ውስጥ ስታይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትቆጥረው ነገር ነበር። ምትኩ ጀርባውን ሰጥቶን የሆነ ነገር አሽቶ አሸተተ፤ የትኛውን ክፍል እንዳሸ አላየሁም። ጥጋቡ ሥሩን ሰብሮ፣ አንድ ነገር እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ሰው፣ የተሰበረውን ትክ ብሎ ያይ ነበር። «ነው» አለች። «ነው» አለ። «ነው» አለ። ተክሉን እኔም በሙሉ አይቼዋለሁ። አበባው ነጭ፣ ትንሽ ነበር፤ ያን የመሰለ ነጭ አበባ በዚያ ሜዳ ብዙ ነው። ምኑን እንደሚያዩ ግን አላየሁም።

አያ ባዬ ፊታችንን አዙረን እንድንቆም አድርገው ራሳቸው ፈጩት፤ በለጋ ቅቤ ተለውሶ ለእናቴ ተቀባ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በግራ ጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ከተክሉ ይሁን፣ ከጤና ጣቢያው ቅባት፣ ወይስ በሽታው ጊዜውን ጨርሶ፣ አላውቅም። በግራ ጎኗ መተኛቷን ግን አውቃለሁ።

አያ ባዬ በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ሹፌሩ ልጃቸው ለቀብር መጥቶ እስከ አርባቸው ቆየ። አንድ ቀን አራታችንን ጠርቶ፣ ጥቁር ልብሱን እንደ ለበሰ፣ አባቱ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ሆኖ «አባቴ ምን ነገሯችሁ?» አለን። አራታችንም እግራችንን አየን። ምለናል። ውባንቺ እንደ ትልቅነቷ «አንናገርም ብለናል ጋሼ» አለች። እሱም ራሱን ነቅንቆ ሸኘን። መሐላው «ከወለድኸው ልጅ በቀር» እንደሚል፣ በዓለም ላይ እንዲያውቅ የተፈቀደለት ብቸኛ ሰው ፊታችን ተቀምጦ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አራታችን አንድ ላይ የቆምነውም ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

ዛሬ ሜዳው ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከቀረው ላይ የቤት መሥሪያ ካስማ ተተክሏል። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ተክል የማውቀው ተንበርክኬ በመዳሰስ ነው። ካስማው ጉብታው ሥር ሳይደርስ በጣቴ «ነው» ያልኋቸውን፣ ነጭ አበባ ያላቸውን አራት ዓይነት ተክሎች ከነአፈራቸው አንሥቼ በወተት ጣሳ ተክያቸዋለሁ። ከአራቱ አንዱ የአያ ባዬ ነው፤ ከሌሎቹ ደግሞ ቆዳ የሚልጥ ሊኖር ይችላል። ያኔ እንዳንሰርቃቸው ፈጭተው ይደብቁብን ነበር፤ አሁን ሳይፈጭ በጣሳ ተቀምጦ እያለ የሚለየው ጠፋ። ሹፌሩ ጡረታ ወጥቶ ተመልሷል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል፣ ጣሳዎቹን ውኃ ያጠጣል፣ «የትኛው ነው?» ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ።

ውባንቺ ባሕር ዳር ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ምትኩ ወደ መተማ ወርዷል። ጥጋቡ ያለበትን በትክክል የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የሳትሁትን አርሙልኝ። የአያ ባዬ ጋቢ ጥለቱ ቀይ ነበር ወይስ አረንጓዴ? ወተት የያዘችው ሴት ማን ነበረች? ምትኩ ሰባት ጊዜ ነው ያስነጠሰው ወይስ እኔ አብዝቼው ነው? ከሁሉም በላይ ግን ኑ። ሩባችሁን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለሹፌሩ በጆሮው ንገሩት፤ ለእሱ ተፈቅዷል። ለእኔ ጣሳዎቹ ፊት ቆማችሁ «ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ይበቃል። እኔ አራቱንም ደጋግሜ ዳስሻቸዋለሁ፤ የቀረው የእናንተ ተራ ነው።