አየር ያልነካው ብረት ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር

ደብረ ታቦር፣ ንጋት 12 ሰዓት

መናኸሪያው ጉም ውጦታል። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረስኩ። በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኩትን የብረት ጠርሙስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌያለሁ። ሾፌሩ ደርበው "ከላይ ልጫንልህ?" ቢለኝ ገላመጥኩት።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የጥፍር ያህል ብረት ነው። ገሳይ ከተማ ካለ ብረት ቀጥቃጭ ከገዛሁት ማረሻ ላይ ቆርጬ፣ አየር በሌለበት፣ ናይትሮጅን በሞላው ሣጥን ውስጥ እንደ መስታወት እስኪያበራ ፍቄ፣ ጠርሙሱንም በዚያው ጋዝ ሞልቼ በሰም አሽጌዋለሁ። የማጠናው ዝገት እንዴት እንደሚጀምር ነው። ባሕር ዳር ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤክስሬይ ሲያርፍበት፣ ከብረቱ ገጽ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ኦክስጅን ነክቶት እንደሆነ ይናገራሉ። ክዳኑ ለቅጽበት ከተከፈተ ግን ልፋቴ ገደል ገባ። የመሣሪያው ተራዬ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ለዚህች ተራ ወራት ደጅ ስጠና ነው የከረምኩት።

አጠገቤ አንዲት እማሆይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቅፈዋል።

"እማሆይ፣ ከእግርዎ ሥር ያድርጉት እንጂ" አላቸው ደርበው።

"ጠበል እግር ሥር ይቀመጣል እንዴ?"

ባሕር ዳር ሆስፒታል ለተኛው ወንድማቸው ሦስት ቀን በእግራቸው ሄደው ያመጡት ጠበል ነው።

አንበሳሜ፣ 3 ሰዓት ገደማ

መንገዱ ኮረኮንች ነው። በየጉድጓዱ ጠርሙሴን እያነሣሁ ክንዴ ዝሏል። ለቁርስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛንና በአንድ እጄ በላሁ።

"ፊታችን ያለው ኬላ ፍተሻው ዛሬ ጠብቋል አሉ" አለኝ ደርበው። "የማይከፈት ዕቃ የለም።"

"እኔ እንዳይከፈት የሚል ደብዳቤ አለኝ።"

"ደብዳቤህን ማን ቆሞ ያነብልሃል? ጠበል ነው በላቸው። ጠበል የሚደፍር የለም።"

ድንቹን ትቼ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ መኖሩን ዳሰስኩ።

ኬላው፣ 4 ሰዓት ተኩል

ውረዱ ተባልን። የዱቄት ከረጢት ሳይቀር ይፈታል። ተራዬ ሲደርስ ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ፈታሹ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ምንድን ነው?"

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄ ግን አልሄደም።

"ጠበል ነው" አልኩ።

ባንዴ ተለወጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እፎይ ልል ስል፣ "ወንድሜ፣ ዓይኔ እንዲህ ከሆነ ሳምንት አለፈኝ። እስቲ ጠብ አድርግልኝ" ብሎ ክዳኑን ያዘ።

ጠበል ሲባል ይፈራል ብዬ ነበር፤ ይለምነኛል አላልኩም። ላብ አጠመቀኝ። ዋሽቻለሁ ብል ምን ይለኛል? ዝም ብልስ? ጥፍሩ ሰሙን መጫር ጀመረ።

"ተው ልጄ፣ እሱ የታሸገ ነው። የኔው ይኸውልህ" አሉ እማሆይ ከኋላዬ።

ጠርሙሳቸውን ከፍተው መዳፉን ሞሉለት፤ ዓይኑን ታጠበበት። ይህን ያዩ ባልደረቦቹ መጡ። አንዱ ለራስ ምታቱ፣ ሌላው ለእናቱ በኮዳ። እማሆይ "በስመ አብ" እያሉ ለሁሉም ቀዱ። ጠበሉ ዓይኔ እያየ ግማሽ ሆነ፣ ሩብ ሆነ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ፈታሹም የኔን ጠርሙስ ሳይከፍት መለሰልኝ።

መኪናው ሲነሣ አላስቻለኝም።

"እማሆይ፣ ይማሩኝ። ጠበል አይደለም።"

"አውቄያለሁ። ጠበል የያዘ ሰው እንዲህ አይፈራም። ታዲያ ምንድን ነው?"

"ብረት ነው። ዝገቱ እንዴት እንደሚጀምር ለማየት..."

"ብረት!"

ጠርሙሳቸውን ወደ መስኮቱ አነሡት። ከታች አንድ ጣት ያህል ቀርቷል።

"ይሁን" አሉ። "የወንድሜን ግንባር ለመዳበስ አያንስም።"

አፈርኩ። እስክንወርድ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ባሕር ዳር፣ 8 ሰዓት

በሰዓቱ ደረስኩ። የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ ሰሙን በማጉያ መረመረችው። ከዳሩ ተጭሯል፤ ክዳኑ ግን አልላላም። "ጎበዝ፣ በደንብ ጠብቀኸዋል" አለችኝና ቅጽ ሰጠችኝ።

"ናሙናው በጉዞ ላይ ተከፍቷል?" ይላል። "አልተከፈተም" ብዬ ሞላሁ።

ከሥሩ "ሌላ የሚገለጽ ነገር ካለ" የሚል ባዶ መስመር ነበር። ሁልጊዜ ሳልሞላው አልፈው ነበር። ዛሬ "በምትኩ የእማሆይ ጠበል ተከፍቷል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።