የመካሪው ኢንሹራንስ

በሰሜን ፊንላንድ፣ በኢናሪ ሐይቅ ዳር ራይሞን የማያውቅ የለም። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት የበረዶ ሞተር ነጂዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነበር። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ቁጥር መንደርተኛውን ሰብስቦ፣ «ያልተመዘገበና ኢንሹራንስ የሌለው ሞተር ከግቢ እንዳይወጣ!» እያለ ይገሥጽ ነበር። የራሱን ኢንሹራንስ ግን ሞተሩ በረዶ በሌለበት በበጋ ሲቆም አቋርጦት፣ መልሶ ማስቀጠሉን ረሳው።

መጋቢት ላይ ሞተሩን እየነዳ በረዶ በሆነው ሐይቅ ጠርዝ ሲታጠፍ፣ በበረዶው ላይ በእግር መንሸራተቻ ይሄዱ የነበሩትን ጎረቤቱን ወይዘሮ አይሊን ገጫቸው። እግራቸው ተሰበረ። አጠገባቸው ተንበርክኮ አምቡላንስ ሲጠብቅ፣ «እትዬ አይሊ፣ ኢንሹራንስ የለኝም» አላቸው በሹክሹክታ።

«አንተ? ያ ሁሉ ስብከት ለእኛ ብቻ ነበር እንዴ?» አሉና ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው፣ «በል ዝም በል፤ ራሴ ነኝ የወደቅሁት» አሉት።

ከአምቡላንሱ ጋር ፖሊስ ሲመጣም ያንኑ ነገሩት። ራይሞ ጫማውን እያየ ዝም አለ።

ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ያቀረበችለትን የዓሣ ሾርባ አንድ ማንኪያ እንኳ መዋጥ አቃተው። ካፖርቱን መልሶ ለበሰና ፖሊሱ ዘንድ ሄደ። «የገጨኋቸው እኔ ነኝ» አለው። ቅጣቱም ካሳውም እሱ ላይ ወደቀ።

በቀጣዩ ስብሰባ የሆነውን ሁሉ ለመንደሩ ተናግሮ ሰብሳቢነቱን ለቀቀና ከኋላ ተቀመጠ። ወይዘሮ አይሊ በክራንች እያነከሱ መጥተው አጠገቡ አረፍ አሉ።

«ቀና በል እንጂ ልጄ!»

አልቻለም። የኢንሹራንሱስ ይሁን፤ እኚህ ሴት በተሰበረ እግራቸው ሲዋሹለት አፉን ዘግቶ መቆሙ ነበር አንገቱን ያስደፋው።