ለፋሲካ የቆየው ግማሽ ፊልም

ተናድጃለሁ። በጾም መናደድ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በዘራፊዎቹ ነበር። ጦርነቱን ሸሽተን ከቆየንበት ተመልሰን ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ስንከፍት ቴሌቪዥኑ የለም፤ ማቀዝቀዣው የለም፤ የመብራቱ ገመድ እንኳ ከግድግዳው ተመዞ ተወስዷል። ልጄ ባዶውን ግድግዳ አየችና በለመደችው ዓረብኛ፣ «ያ ኡሚ፣ ኸላስ፣ በቃ ፊልሙን ስልክ ላይ እናየዋለን» አለችኝ።

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮኽኩባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አል-ማንሺያ ሰፈር በአንድ ትልቅ ግቢ ጋፊር ነበር፤ ዘበኛ ማለት ነው። በየዓመቱ ለሁዳዴ ቅበላ አንድ የአማርኛ ፊልም በፍላሽ አስጭኖ ይመጣል። ሥጋችንን በልተን ቁጭ ብለን እናያለን። መሐሉ ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ ያጠፋዋል። «የቀረው ለፋሲካ። እሱ በሰላም ያድርሰን» ይላል። በጾም ፊልም አናይም ነበርና። ከዚያ እንወራረዳለን። መጨረሻውን የሳተ የፋሲካን ዕቃ ሁሉ ያጥባል።

የማጥበው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። የዶሮውን ድስት፣ ቅባት የማይለቀውን ትሪ። እሱ እግሩን ዘርግቶ፣ «እኔ ሰው አውቃለሁ» ይላል።

በመጨረሻው ፊልም አንዲት ሴት ከዓረብ አገር ስትመለስ ልጇ አክስቱን «እማዬ» እያለ ይጠብቃታል። ልጁ በሁለቱ መሐል በሩ ላይ እንደ ቆመ ባለቤቴ አጠፋው።

«ወደ እናቱ ይሄዳል» አለ።

«አይሄድም» አልኩ።

ያን ዓመት ፋሲካን አብረን አልዋልንም። ስቅለት ማታ ለጥበቃ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ለዶሮው ሽንኩርት ስከትፍ ተኩስ ተጀመረ። ከባድ መሣሪያ ግቢው ላይ ወድቆ እንደ ሞተ፣ እዚያው እንደ ቀበረውም የሥራ ጓደኛው በስልክ ነገረኝ። ልጄን ይዤ ከካርቱም ስወጣ ፍላሹን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬው ነበር። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ስልኬን ወሰደና ፍላሹን አቧራ ላይ ጣለው። አንሥቼ ጠረግኩት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ ቋጠሮውን በጣቴ እዳስሳለሁ። ፊልሙን ግን አላየሁትም። እሱ መጨረሻውን ሳያይ ሄዶ እኔ ብቻዬን በምን ዓይኔ አያለሁ?

ባለፈው እሁድ ያ ጓደኛው ሊጠይቀን መጣ። አሁን ቡሪ ሰፈር የቀን ሥራ ይሠራል። አልቅሰን ስናበቃ ሻይ ሰጠሁትና የፍላሹን ነገር አወራሁት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሳቁ አመለጠው።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እሱማ ጨርሶታል እኮ!»

«ምኑን?»

«ፊልሙን ነዋ። የግቢው ጌቶች የጣሉት ቴሌቪዥን ዘበኛ ቤት ነበረን። ለአንቺ ከማምጣቱ በፊት እዚያ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ያየዋል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ‹ዕቃ ማጠብ አልወድም› ነበር የሚለኝ፣ ወላሂ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ፊልም አሰብኩ ብዬ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ፣ እሱ አጠገቤ ነጠላውን ተከናንቦ ዝም! ያ ሁሉ ድስት!»

«እኔን አትቆጪኝ እንጂ።»

«አንተስ? አብረኸው አይተህ ነው የምትስቀው!»

ራሱን አከከ። «አይቻለሁ። የመጨረሻውን ፊልም ያየን ዕለት ግን እሱ አልሳቀም። ዓይኑን ጠራረገና፣ ‹ዘንድሮ አውቄ እሳሳትላታለሁ። አንድ ዓመት እንኳ ትረፍ፤ እኔ አጥባለሁ› አለ።»

ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ብርጭቆውን ማጠብ ጀመርኩ። ከቅድሙ ይልቅ አሁን ተናደድኩ። ቴሌቪዥኑን የወሰዱት ይውሰዱት። ገመዱንም ይውሰዱት። አንድ ፋሲካ፣ ያቺን አንዲት ፋሲካ ሊያጥብልኝ ቆርጦ ነበር፤ እሷን ነው የቀሙኝ። ይህን ማን ይመልስልኛል?

ደግሞ ያ ሁሉ ዘመን ሲያንገበግበኝ የኖረው ነገር ቀለለኝ። ፊልሙ በግማሽ ቀርቶበት አልሄደም። «ተመስገን፣ ጨርሶታል» አልኩ፤ እያጉረመረምኩ ነው ያልኩት። አምላኬ አሳምሮ ያውቀኛል።

ልጄ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ታዲያ አሁን እንየው?»

«ፋሲካ ሲደርስ።»

«ዕቃውንስ ማን ያጥባል?»

«ተራው የአባትሽ ነበር» አልኩና ፍላሹን መልሼ ቋጠርኩት።